የርብ የከብት መሻገሪያ

የእህቴ ልጅ ሰላም የምትማረው ባሕር ዳር ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሞጣ እኛ ዘንድ መጥታ ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ እሷ በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ ታነባለች። ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሌላ ነገር ሲሠራ አልወድም። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ወታደር ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«የምድር ጦር በብሔራዊ ደህንነት ስትራቴጂ ውስጥ ያለው ሚና የሚል ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እስኪ ይስሙኝና ልክ መሆን አለመሆኑን ይንገሩኝ።»

አነበበችልኝ። የምድር ጦር መሬት ይዞ ይቆያል፤ መንገድና ድልድይ ይጠብቃል፤ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል ያገኙትን ድል የሚያጸናው እሱ ነው፤ ሕዝቡ ውስጥ ስለሚኖር የመንግሥት መኖር የሚታወቀው በእሱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

«ልክ ነው» አልኳት።

ልክም ነበር። ይህንኑ ቃል ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሾላ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ከአንድ ሻምበል አፍ ሰምቼዋለሁ። ምሳዬን እንደነገሩ ጨርሼ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ ሄድኩ። አንድ የበር መቃን ጀምሬ ነበር፤ መላጊያውን አንስቼ ሁለት ሦስቴ ገፋ ገፋ አደረግኩና ተውኩት። አፍንጫዬ ላይ የሚቃጠል የሽምብራ ገለባ ሽታ መጣብኝ። ሞጣ ላይ በዚያን ሰዓት ገለባ የሚያቃጥል ሰው አልነበረም።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ ነው። እኔ ያኔ ሃያዎቹን ገና የጀመርኩ፣ በብሔራዊ ውትድርና ከሞጣ ተመልምዬ የሄድኩ ጎረምሳ ነኝ። ከዚያ በፊት ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም። ማሰልጠኛ ገብቼ ወጣሁ፣ አንድ ሁለት ግንባር አየሁ፣ ከእኔ የሚበልጡት ሲያልቁ የአስር አለቃነት ማዕረግ ሰጡኝ። ማዕረግ በዚያ ዘመን የሚገኘው በአብዛኛው እንደዚያ ነበር።

ወረታ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። አንዱ በሐሙሲት አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ሦስተኛው የርብን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይገባል። የእኛ ሻምበል ጦር የተሰጠው ሥራ የርብን ድልድይ መያዝ ነበር። ድልድዩ ከተያዘ ጎንደር ያለው ጦር ስንቅና ጥይት ያገኛል። ድልድዩ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል።

የደረስነው ጥር አጋማሽ ላይ ነው። ፎገራን በክረምት ያየ ሰው በበጋ ቢያየው አያውቀውም። በክረምት ውኃ ተኝቶበት ባሕር የሚመስለው ሜዳ በበጋ ይደርቅና ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ እጅ እስከ ክንድ ያስገባል። እየሮጠ የመጣ ወታደር እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲሰበር አይቻለሁ። ዙሪያውን ሁሉ የገለባ ክምር ነው። ጥቁርና ነጭ የሆኑ ትልልቅ የፎገራ ከብቶች ቃርሚያ ላይ ተበትነው ይውላሉ። በሰሜን በኩል ጣራ ገዳም ያለበት ተራራ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ለእኔ፣ የሞጣን ጉብታና ገደል ለለመድኩት፣ መደበቂያ የሌለው አገር ነበር። ምሽግ ስንቆፍር ዶማው መሬቱ ላይ እንደ ድንጋይ ይነጥራል።

አዛዣችን ሻምበል ግርማ ይባላል። የሐረር ሰው ነው፤ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ አንድ ጆሮው በመድፍ ድምፅ የደነቆረ። በዚህ የተነሳ ሹክ ሊለን ሲፈልግ እንኳ ይጮህ ነበር። በምሥራቅም በሰሜንም ተዋግቷል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ሾላው ሥር ሰብስቦ ያስተምረናል።

«አውሮፕላን ይመጣል፣ ይሄዳል። መድፍ ከሩቅ ይጮሃል። መሬት ይዞ የሚያድር ግን እግረኛ ብቻ ነው። መንግሥት ይህ አገር የእኔ ነው ቢል፣ የእሱ የሚሆነው እናንተ እስከቆማችሁበት ድረስ ነው።»

ቶሎሳ የሚባል የወለጋ ልጅ እኔ በምመራው ጓድ ውስጥ ነበር፤ መትረየስ ተኳሽ። የገበሬ ልጅ ስለሆነ መሬት ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ጌታዬ፣ የቆምንበት መሬት እኮ ባለቤት አለው። እሱ ባይፈልገንስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሌላ አዛዥ ፊት ያስቀጣል። ሁላችንም አቀርቅረን ጠበቅን። ሻምበሉ ደህናውን ጆሮውን ወደ ቶሎሳ አዙሮ ጥያቄውን ደግሞ አስጠየቀው።

«እንደዚያ ከሆነ የምንጠብቀው አፈር ብቻ ነው» አለ። «አፈር ደግሞ ጠላት መጣ ብሎ አይነግረንም።»

የመሬቱ ባለቤት አያ ሞላ ነበር። ቤቱ ከወንድሙ ቤትና ከሌሎች ጥቂት ጎጆዎች ጋር ከመንገዱ በስተምሥራቅ፣ ከምሽጋችን ፊት ለፊት ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። በደረስን በማግሥቱ በቅል እርጎ ይዞ መጣና ሻምበሉን አነጋገረው።

«እንደምን ዋላችሁ ጌታው። እንግዳ ናችሁና ውኃ የምትቀዱበትን ላሳያችሁ ብዬ ነው። ከድልድዩ ሥር ያለው አይጠጣም፤ ከብት ይገባበታል።»

ውኃውን አሳየን። መንገድ መንገዱንም ሌላ ነገር አሳየን። ከድልድዩ ወደ ታች፣ ወደ ጣና በኩል፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የከብት መሻገሪያ አለ። ዳር ዳሩን ቁጥቋጦ ሸፍኖታል፤ በጋ ላይ ውኃው ከጉልበት አያልፍም። ሻምበሉ አይቶት ፊቱ ተለወጠ። በዚያ የተሻገረ ሰው በቀጥታ ከጀርባችን ይወጣል። እሱን የሚጠብቅ ትርፍ ሰው ደግሞ አልነበረንም።

«እኛ ቀን ከሌት ከከብቶቻችን ጋር እዚያው ነን» አለ አያ ሞላ። «የማናውቀው ሰው ከመጣ እንነግርዎታለን። አንቱ ደግሞ ወታደሮችዎ ቤታችን እንዳይገቡ፣ ክምራችንን እንዳይነኩ ያድርጉልን።»

«ቃሌ ነው» አለ ሻምበሉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት፣ ጦርነት ውስጥ እንዲህ ማለት የሚቻል ከሆነ፣ ጥሩ ጊዜ ነበሩ። የእኔ ጓድ ምሽግ አውድማው ጥግ ነበር። ከደረቅ ኮቾሮ ሌላ ምግብ ያጣን ልጆች የተቆላ ሽምብራ ጠገብን። ቶሎሳ ተራው ባልሆነ ሰዓት ሸሚዙን አውልቆ በሬ እየነዳ ያበራይ ነበር። የአያ ሞላ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ እየዘፈነ መንሹን ወደ ላይ ሲወረውር ገለባው በነፋስ ይሄድና ፍሬው እግሩ ሥር ይወርዳል። የአያ ሞላ ሚስት እቴ ብርቄ ቁጡ ሴት ነበረች፤ «ጠመንጃችሁን ከእህሌ ላይ አንሱ!» እያለች እንደ ልጆቿ ትቆጣናለች። ዓይናቸው የጠፋው የአያ ሞላ እናት እማሆይ ደግሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ድምፃችንን እየለዩ በየስማችን ይመርቁናል። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ጊዜ የማይታወቁ ሰዎች መሻገሪያውን ሊያዩ መጥተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ደሳለኝ እየሮጠ መጥቶ ነገረን፤ ሻምበሉ ሰው ላከ፤ ሰዎቹ ተመለሱ።

የካቲት ላይ ወሬው ከፋ። ተቃዋሚው ጦር ከደብረ ታቦር በኩል እየወረደ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን የብርጌዳችን የፖለቲካ ኮሚሳር ከወረታ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው ነው ብዬ ልናገር አልፈልግም። ቀድሞ በነበረበት ግንባር ጠላት ከመንደር ውስጥ ድንገት ወጥቶ ጓዶቹን ዓይኑ እያየ እንደጨረሰበት ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ ከምሽግ ፊት ቤት ቆሞ ማየት አይችልም ነበር።

እኔ ባለሁበት ነው ከሻምበሉ ጋር የተነጋገሩት።

«ጓድ ሻምበል፣ እነዚህ ቤቶችና ክምሮች መነሳት አለባቸው። የተኩስ ሜዳችሁን ጋርደውታል። ጠላት ከኋላቸው ተጠግቶ ይፈጃችኋል።»

«አውቃለሁ። ምሽጉን ወደ ፊት አወጣዋለሁ። ቤቶቹ ከጀርባዬ ይሆናሉ።»

«ሰውህ ለዚያ አይበቃም።»

«እነዚህን ሰዎች ካስቀየምኩ ደግሞ ለምንም አይበቃም። መሻገሪያውን የሚጠብቁልኝ እነሱ ናቸው። ዛሬ ቤታቸውን አቃጥዬ ነገ ማን መጥቶ ይነግረኛል?»

«ጦር በገበሬ ዓይን አይዋጋም» አለ ኮሚሳሩ።

«የእኔ ጦር እስካሁን የተዋጋው በእሱ ነው። ይህን ትእዛዝ ለወታደሮቼ አልሰጥም።»

ኮሚሳሩ ወደ ወረታ ሄደ። እኛ ዶማ ይዘን ከቤቶቹ ፊት አዲስ ምሽግ ጀመርን። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የብርጌዱን ትእዛዝና በመኪና የተጫኑ ሌሎች ወታደሮችን ይዞ ተመለሰ። ሻምበሉ ተከራከረ፣ ሬዲዮ ላይ ጮኸ፤ ከወዲያ የመጣው መልስ አጭር ነበር። በመጨረሻ ኮሚሳሩን «ዕቃቸውን እስኪያወጡ ጊዜ ስጠኝ» ብሎ ለመነው። ተሰጠው።

ጓዴን ይዤ ሮጥኩ። አያ ሞላ ነገሩን ስነግረው ወደ ሻምበሉ አንዴ ተመለከተና ከብቶቹን ሊፈታ ሄደ። ቶሎሳ እማሆይን በጀርባው አዘለ። እኔና ሌሎቹ ከጎተራው እህል በስልቻ እየሞላን ማውጣት ጀመርን። ገና ግማሹን ሳናወጣ ከወዲያ ጫፍ ያለው ክምር ተለኮሰ። ማን እንደለኮሰው አላውቅም። ነፋሱ ከጣና በኩል ይነፍስ ነበር። እሳቱ ከክምር ወደ ክምር ዘለለ፤ ከዚያ የደሳለኝን ጣሪያ ያዘ፤ ከዚያ የአያ ሞላን። ውስጥ የታሰረ ጥጃ ነበር። ጩኸቱ እንደ ሰው ጩኸት ነው፤ ሊያወጣው የገባው ልጅ ፀጉሩ ተቃጥሎ ባዶ እጁን ወጣ።

ደሳለኝ ወንዝ ዳር ነበር። ጭሱን አይቶ እየሮጠ መጣ። ቤቱን አየ፣ ኮሚሳሩን አየ፣ ዱላውን አነሳ። «ደሳለኝ! ተው!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሙም ጮኸ። ኮሚሳሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ሽጉጡን አወጣና ተኮሰ። የመጀመሪያው አላቆመውም። ሁለተኛው አንገቱ ሥር ገባ። አውድማው ላይ፣ ያበራየው ሽምብራ ላይ በፊቱ ተደፋ፤ እጆቹ ፍሬውን እየቧጠጡ ቆዩና ዝም አሉ።

እቴ ብርቄ ያወጣችው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አያ ሞላ ግን አላለቀሰም። ወንድሙን ገልብጦ ከፊቱ ላይ ገለባውን ጠረገለት። ከዚያ ተነስቶ ሻምበሉ ፊት ቆመ።

«ጌታው፣ አንቱ ቃል የገቡልኝ መስሎኝ ነበር።»

ሻምበል ግርማ ባርኔጣውን አወለቀ።

በማግሥቱ ቀብሩ ነበር። ሻምበሉ ትጥቁን ፈቶ፣ ብቻውን፣ በእግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። እኛ ከሩቅ እናየዋለን። እቴ ብርቄ ከለቀስተኛው ተለይታ መንገዱ መሐል ቆመች። ምን እንዳለችው አልሰማንም። ቆሞ አዳመጣትና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ውኃ ስንቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። እረኞቹ ከብታቸውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱ። ሻምበሉ ለመሻገሪያው ጠባቂ ጦር ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። ከእኛው ላይ ቀንሶ ጥቂት ልጆች ላከ። ኮሚሳሩ ከወረታ ወደ እኛ ተዛወረ፤ ማንም ወደ ኋላ እንዳያፈገፍግ ሊጠብቅ ነው።

ጠላት የመጣው ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ ነው። መጀመሪያ ከፊታችን፣ ከደብረ ታቦር አቅጣጫ፣ ሞርታር መውረድ ጀመረ። የጠበቅነው እሱን ስለሆነ አልደነገጥንም። የተቃጠሉት ቤቶች ቦታ ላይ ጥላሸት ብቻ ቀርቷልና፣ እውነት ነው፣ የተኩስ ሜዳችን ክፍት ነበር። ሲጠጉን እናያቸዋለን። ቶሎሳ ጥርሱን ነክሶ ይተኩሳል፤ ሰዎች በስንጥቁ መሬት ላይ ይወድቃሉ፤ ሌሎች ዘለዋቸው ይመጣሉ። ኮሚሳሩ በደስታ «አያችሁ? አያችሁ?» ሲል ሰማሁት።

ያን እያለ ነው ከጀርባችን የተተኮሰብን።

መሻገሪያው ላይ የነበሩት ልጆች አንድ ጥይት ሳይተኩሱ አልቀው ነበር። በዚያ የገባው ጦር ቁጥቋጦውን ለብሶ መጥቶ ከኋላችን ተዘረጋ። ምሽግ ደግሞ ከፊት ለሚመጣ ነው የሚሠራው። ዞረን ስንተኩስ ጀርባችን ለእነዚያ፣ ወደ ፊት ስንል ለእነዚህ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ሊያናግረኝ አፉን ከፍቶ መንጋጋው ሄደ። በቦምብና በሰደፍ ተያያዝን። አንድ የእኔ እድሜ የሚሆን ታጋይ ምሽጌ ውስጥ ላዬ ላይ ወደቀብኝና በአካፋ መታሁት። ደጋግሜ መታሁት። ፊቱ ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ አልረሳሁትም።

ሞርታሩ ቀሪውን ቃርሚያ ለኮሰው። እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ እየተንጣጣ፣ በፍጥነት ወደ እኛ መጣ። በሜዳው ላይ የወደቀው ቁስለኛ የእነሱም የእኛም ነበር፤ እሳቱ አልለየውም። ለመነሳት የሚሞክሩትን፣ መነሳት አቅቷቸው ስም የሚጠሩትን፣ በየቋንቋው እናታቸውን የሚጠሩትን ሰማሁ። ቶሎሳ ሆዱን ተመትቶ መትረየሱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ልጎትተው ስል እኔም ጭኔን ተመታሁና ወደቅኩ።

ሻምበል ግርማ ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ኮሚሳሩ ከወዲያ ሆኖ «አትልቀቁ! የሚሸሸውን እመታለሁ!» ይላል፤ ሻምበሉ ግን በደነቆረው ጆሮው በኩል ስለሆነ ይሁን ወይም ሊሰማው ስላልፈለገ እንጃ፣ ዞሮም አላየው። ብብቴን ይዞ ከሚነደው ቃርሚያ ወደ ጠቆረው፣ ነዶ ወደ ጨረሰው መሬት ጎተተኝ። አስቀመጠኝና ለቶሎሳ ተመለሰ። ቶሎሳን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲነሳ ነው ከኋላ የመቱት። ሁለቱም ከእኔ ጥቂት እርምጃ ርቀው ወደቁ። ቶሎሳ በዚያው አለፈ። ሻምበሉ ትንሽ ቆየ። «አስር አለቃ» አለኝ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ፤ «እነዚያ ልጆች… መሻገሪያው ላይ የላክኋቸው… እንዴት ሆኑ?»

እንደሞቱ አውቅ ነበር። «ደህና ናቸው ጌታዬ» አልኩት።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ተኩሱ ቆመ። እኔ ደሜ ፈሶ፣ ምላሴ ደርቆ ተኝቻለሁ። ያወቅኳቸው እግሮች መጥተው ቆሙ። አያ ሞላ ነበር። አሮጌ ምንሽር ይዟል። ቀና ብዬ አየሁትና ሊገድለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያ ሰውዬ ወዴት አለ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

ሻምበሉን አየው። አጎንብሶ ዓይኖቹን ከደነለትና ነጠላውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነው። ከዚያ ታጋዮቹን ጠራና «ይህ በሕይወት አለ፤ አንሱት» አላቸው።

ምርኮኞቹን የሰበሰቡን ሾላው ሥር ነው። የታጋዮቹ መሪ ፀጉሯን ያጎፈረች፣ ክንዷ በደም በራሰ ጨርቅ የታሰረ ወጣት ሴት ነበረች። «ምርኮኛ አይገደልም፤ አይዟችሁ» አለችን፤ ውኃም አስቀዳችልን። ኮሚሳሩ ከመሐላችን ተቀምጧል። የተራ ወታደር ሸሚዝ ለብሶ ፊቱን ጥላሸት ቀብቶ ነበር። ከእኛ ማንም አልጠቆመውም። መጠቆምም አላስፈለገም። እቴ ብርቄ በአጠገባችን እያንዳንዳችንን እያየች አለፈች፤ እሱ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

«ሞላ!» አለች። «ይኸውልህ።»

መሪዋ ነገሩ ገብቷት «አባት፣ ተው! ፍርድ አለ!» እያለች ሮጠች። አያ ሞላ ግን ቸኩሎ እንኳ አልነበረም። ኮሚሳሩ እጁን ዘርግቶ «ቤቶቹ ባይነሱ ኖሮ…» አለ። ምን ሊል እንደነበር ማንም አያውቅም። ምንሽሩ ጮኸ፤ ደሙ እኔ ድረስ ተረጨ።

መሪዋ አያ ሞላን ጠመንጃውን አስነጥቃ፣ እጁን የፊጥኝ አሳስራ ከእኛ ጋር አስቀመጠችው። ቦታው ከእኔ አጠገብ ሆነ። ለረጅም ጊዜ ተቀምጠን ዝንቦቹን እናይ ነበር።

«አያ ሞላ፣ መሻገሪያውን አንቱ ነዎት ያሳዩዋቸው?» አልኩት።

«አላሳየሁም። መጡ፤ አየሁ፤ ዝም አልኩ።»

«ይህን ሰውዬ ቢተዉት ምን ነበር? አሁን አንቱም ታሰሩ።»

«ደሳለኝን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት ገና ይድህ ነበር።»

«እና አሁን ቀለለዎት?»

የወደቀውን ሰው አየ፤ ከዚያ በነጠላው የተሸፈነውን ሻምበል አየ።

«አልቀለለኝም» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልናገር። አያ ሞላን ሽማግሌዎችና ካህናት ገብተው አስለቀቁት። እኔን አክመው፣ ከሌሎች ምርኮኞች ጋር አቆይተው፣ መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገሬ ሸኙኝ። እያነከስኩ ሞጣ ገባሁ፤ እናቴ ሙቷል ብላ ተዝካሬን አውጥታ ነበር። እንጨት ሥራ ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ፎገራ ግን ለብዙ ዓመታት አልረገጥኩም።

ኋላ ለዘመድ ሠርግ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ ወረታ ምሳ ቆመ። እግሬ አላስችል አለኝና ሠርጉን ትቼ እዚያው ቀረሁ። ያ የሽምብራና የጓያ አገር ሩዝ በሩዝ ሆኗል። አያ ሞላ አርጅቶ፣ እቴ ብርቄም አርጅታ አገኘኋቸው። ቤታቸውን እዚያው ቦታ ላይ ሠርተዋል። ስሜን ስነግረው አልጋው ላይ ሊያስቀምጠኝ ተነሳ። ምሳ በላን፣ ጠላ ጠጣን፣ ከዚያ ሳልጠይቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰደኝ። ሻምበል ግርማን የቀበሩት ከደሳለኝ አጠገብ ነው። ቶሎሳንና መሻገሪያው ላይ የሞቱትን ልጆች ደግሞ ትንሽ ራቅ አድርገው።

«ኮሚሳሩስ?» አልኩት።

«እሱንም ቀብሬዋለሁ። ለጅብ አልሰጠሁትም።» የመቃብሩን ሣር እየነቀለ፣ «ዝም ስል ያሰብኩት እሱን ነበር። ሻምበሉን አላሰብኩም። እነዚያንም ልጆች አላሰብኩም» አለ። ቀጥሎ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የሻምበሉን ክርስትና ስም ታውቀዋለህ? በየዓመቱ የካቲት ላይ አስቀድስለታለሁ። ቄሱ ማን ልበል ሲሉኝ የምነግራቸው የለኝም። ያ ወታደር ይላሉ ዝም ብለው።»

አላውቀውም ነበር። ያን ያህል ከእሱ ጋር ኖሬ፣ በእሱ ክንድ ከእሳት ወጥቼ፣ አላውቀውም። ፈለግኩ። የሐረር ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጠየቅኩ፤ የቀድሞ ወታደሮችን ጠየቅኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ያገኘሁት አንድ አካለ ጎደሎ የቀድሞ ወታደር የሻምበሉን እህት አውቃታለሁ አለኝ። ባለፈው ዓመት እኔና እህቱ ተያይዘን ወረታ ሄድን። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ያን ሁሉ ዘመን ወንድሟ የት እንደወደቀ የነገራት ሰው አልነበረም። መቃብሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ክርስትና ስሙንም ለአያ ሞላ ነገረችው። እቴ ብርቄ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ለሻምበሉ ምን እንዳለችው ነገረቻት። «እኛ ዘንድ የምትመጣው ስትሞት ነው፤ አሁን ሂድ ነበር ያልኩት» አለች። ሁለቱም ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሰላም ጽሑፏን አስረክባለች። ይህን ሁሉ ስነግራት «ጋሼ፣ የቱ ጋ ላስገባው?» ብላ ነበር፤ የሚገባበትን ቦታ እኔም አላወቅኩላትም። ሠራዊት አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። ድልድይ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ዛሬም በየመንገዱ ጠመንጃ ይዘው የቆሙ ልጆች ሳይ ራሴን አያለሁ። በየቆሙበት አጠገብ ቤት ሲኖር ግን ዓይኔ ከልጆቹ ይነሳና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ሰው እንዴት እያያቸው እንደሆነ ለማወቅ እሞክራለሁ። የዚያን ድልድይ ነገር የሚወስነው የእሱ አስተያየት ይመስለኛል።

ዘንድሮ የካቲት ላይ አያ ሞላ ደወለልኝ። ጆሮው እየከዳው ነውና እንደ ሻምበሉ ይጮሃል። ቅዳሴው እንደወጣ ሊነግረኝ ነው።

«ቄሱ ኃይለ ማርያም ብለው ጠሩት» አለኝ። «በስሙ ጠሩት።»